ባቡር የተወውን ድልድይ እግረኛ ሲወርሰው

ከኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ተነሥቶ የሃድሰንን ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን የሚወጣው የሕዝብ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ተጉዞ ፓኪፕሲ ላይ ያበቃል። ከጣቢያው ወጥቶ ወደ ሰሜን ቀና ያለ መንገደኛ ከጣሪያዎቹና ከዛፎቹ በላይ፣ ከወንዙም በላይ የተዘረጋ ረጅም የብረት ድልድይ ያያል። ድልድዩ ከውሃው 65 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የተሠራው ለባቡር ነበር፤ ባቡር ካለፈበት ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ዛሬ የሚመላለሱበት እግረኞችና ብስክሌት ነጂዎች፣ ልጆቻቸውን በጋሪ የሚገፉ ወላጆች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ናቸው። የመግቢያ ክፍያ አይጠየቅበትም። ስሙ «ዎክዌይ ኦቨር ዘ ሃድሰን» ነው።

ስለዚህ ድልድይ የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ውበቱ ነው፤ ውበቱም የሚካድ አይደለም። ወደ ሰሜን ምዕራብ የካትስኪል ተራሮች ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ወደ ደቡብ በ1930 ለመኪና የተከፈተው የሚድ ሃድሰን ተንጠልጣይ ድልድይ ከነገመዶቹ ተዘርግቷል፤ ከእሱም ማዶ ወንዙ በኮረብቶች መካከል እየጠበበ ይሄዳል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ግን ይህን ውበት ለሕዝብ እጅ ያበቃው ነገር ከውበቱ እኩል ሊተረክ ይገባዋል እላለሁ። ብረቱ ከ1888 ጀምሮ በቆመበት ቆሟል። የተቀያየሩት ባለቤቶቹ ናቸው። «ይህ የማን ነው? ቢወድቅስ ማን ይጠየቃል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ባጣበት ዘመን ድልድዩ ለመፍረስ ተቃርቦ ነበር፤ መልስ ባገኘበት ጊዜ ደግሞ ዳነ።

በ19ኛው መቶ ዘመን ፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ነበራት፤ የኒው ኢንግላንድ ፋብሪካዎች ደግሞ ከሰሉን አጥብቀው ይሹ ነበር። በሁለቱ መካከል ሃድሰን ተጋድሟል። ከኦልባኒ እስከ ኒው ዮርክ ከተማ ባለው ረጅም ርቀት ወንዙን የሚሻገር አንድም ድልድይ ስላልነበረ ጭነቱ በጀልባ ይተላለፍ ነበር፤ ይህም ጊዜና ገንዘብ ይበላል። የፓኪፕሲ ከንቲባ የነበረው ሃርቪ ኢስትማን ድልድዩ በከተማው በኩል እንዲያልፍ ብዙ ደከመ፤ ግዛቱም በ1871 ፈቃድ ሰጠ። በ1873 የመሠረት ድንጋይ ሲጣል አገሪቱ በታላቅ የገንዘብ ቀውስ ውስጥ ስለነበረች ሥራው ወዲያው ቆመ። በ1876 እንደገና ተነሥቶ ጥቂት ከተሄደ በኋላ ገንዘቡ አልቆ ዳግመኛ ቆመ። እስከ ፍጻሜ የዘለቀው በ1886 የተጀመረው ሦስተኛው ሙከራ ነው። የመጀመሪያው ባቡር በታኅሣሥ 29 ቀን 1888 ተሻገረ።

የዛሬ ጎብኚ ሲሄድበት የማያየው አንድ ሥራ አለ። የወንዙ ወለል ጭቃ ነው፤ ጠንካራው መሬት ከጭቃው በታች ርቆ ይገኛል። ግንበኞቹ ከወፍራም ግንድ ቤት የሚያክሉ ሣጥኖች ሠርተው ወደ ወንዙ አሰመጡ፤ ከሥራቸው ያለውን ጭቃ እየዛቁ እስከ ጠንካራው መሬት ድረስ ካወረዷቸው በኋላ ውስጣቸውን በኮንክሪት ሞሉት። በላዩ የድንጋይ ግንብ፣ በግንቡ ላይ የብረት ማማ፣ በማማው ላይ ድልድዩ ተነሣ። እንጨቱ አየር በማያገኘው ውሃና ጭቃ ውስጥ ስላለ አልበሰበሰም። በድልድዩ ላይ የሚራመድ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ የቆመው በእነዚያ ግንዶች ላይ ነው።

ከላይ ያለው ብረትም የራሱ ታሪክ አለው። ድልድዩ የተሠራው በዘመኑ ለነበሩት ባቡሮች ክብደት ነበር፤ ባቡሮቹ ግን በየዓመቱ እየከበዱ ሄዱ። በፖላንድ የተወለደው መሐንዲስ ራልፍ ሞጄስኪ በ1906 እና በ1907 ድልድዩን አጠናከረው፤ በሁለቱ የብረት ጎኖች መካከል ሦስተኛ ጎን ጨመረበት፣ ምሰሶዎችንም አከለ። ይኸው ሰው ከዓመታት በኋላ የጎረቤቱን የሚድ ሃድሰን ድልድይ ነድፏል። በ1917 እና 1918 ደግሞ ሁለቱ ሐዲዶች ወደ መሃል ተጠጋግተው አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ሁለት ከባድ ባቡሮች በአንድ ጊዜ እንዳይሻገሩ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቀን እስከ 3,500 ፉርጎ ያልፍበት ነበር። ያኔ ለከሰልና ለጦር ዕቃ ተብሎ የተደረበው ብረት ዛሬ ለእግረኛ ትርፍ ጥንካሬ ሆኖለታል። ሰዎች ድልድዩን ቢሞሉትም ክብደታቸው ሙሉ ጭነት ከያዘ የከሰል ባቡር ጋር አይወዳደርም። አሮጌ የባቡር ድልድይ ለእግረኛ መንገድ የሚመቸው በመጀመሪያ በዚህ ምክንያት ነው፤ የናፍቆቱ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከጦርነቱ በኋላ ጭነቱ ወደ መኪና ዞረ፤ ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች ተሠሩ፤ የባቡር ኩባንያዎች እየተዳከሙ አንዱ በሌላው ተዋጠ። በ1969 ድልድዩ በፔን ሴንትራል ኩባንያ እጅ ገባ። ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት ከሠረ። ለከሠረ ኩባንያ ደግሞ ጥቂት ባቡር የሚሻገርበት ትልቅ ድልድይ ሸክም ነው። ግንቦት 8 ቀን 1974 ከባቡር ፍሬን የተፈናጠረ የእሳት ብልጭታ ከሐዲዱ ሥር የተነጠፉትን እንጨቶች አቀጣጠለ። በድልድዩ ላይ ለእንዲህ ያለ ቀን ተብሎ የተዘረጋ የውሃ መስመር ነበር፤ ጥገና ስላጣ በዚያን ዕለት አልሠራም። ከ200 ሜትር በላይ የሚሆን ሐዲድ ከነወለሉ ተቃጠለ። ብረቱ አልወደቀም። ባቡር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተሻገረበትም።

ድልድዩን ለጥፋት ያቀረበው ከእሳቱ በኋላ የመጣው ዘመን ነው። በ1976 የከሠሩትን ኩባንያዎች መስመሮች የወረሰው ኮንሬል የተባለው ድርጅት ድልድዩን ሊጠግነው አልፈለገም፤ ሊያፈርሰውም አልደፈረም፣ ከቤቶችና ከተጨናነቀ መንገድ በላይ የቆመን ብረት ማፍረስ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃልና። በ1984 ለአንድ ግለሰብ በአንድ ዶላር ሸጠው። በ1990 ድልድዩ ወደ ሌላ ግለሰብ እጅ ተላለፈ። በእነዚህ ዓመታት ግብሩ አልተከፈለም፤ መርከቦችን የሚያስጠነቅቁት መብራቶች እንኳ የባለሥልጣናትና የባለቤቱ ጭቅጭቅ ሆነው ቀሩ። ከሥሩ የሚኖሩ ሰዎች ከላይ ስለሚወድቅ ቁርጥራጭ ይሰጉ ነበር። የአገራችን ሰው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል። የፓኪፕሲ ድልድይ አጥሩም ባለቤቱም የተናቁበት ንብረት ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ድልድዩ በአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ የሠፈረው በ1979 ነው፤ በአንድ ዶላር ከመሸጡ አምስት ዓመት አስቀድሞ ማለት ነው። በቅርስነት መመዝገቡ ክብር ቢሰጠውም አንዲት ብሎን አላጠበቀለትም። እኛም አገር ይህ በደንብ ሊታሰብበት ይገባል፤ አንድን ነገር «ቅርስ ነው» ብለን ስናውጅ ግማሹን መንገድ የተጓዝን ይመስለናል። ዝናብና ዝገት ግን አዋጅ አይሰሙም። ቁልፉን የሚይዝ፣ ግብሩን የሚከፍል፣ በየዓመቱ ወጥቶ የሚያይ አካል እስካልተሰየመ ድረስ የተመዘገበውም ያልተመዘገበውም እኩል ይዝጋል።

በ1992 አንድ የፓኪፕሲ ነዋሪ ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ድልድዩን የእግረኛ መንገድ ለማድረግ ማኅበር አቋቋመ። ሐሳቡ ብዙ ሰው ያስቅ ነበር። ማኅበሩ ግን ቀጠለ፤ በ1998 የባለቤትነቱን ሰነድ በስሙ አዞረ። የመሥራቹ እምነት ድልድዩ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት፣ ያለ ብድርና ያለ መንግሥት ገንዘብ፣ በሳንቃ ላይ ሳንቃ እየተጨመረ መሠራት አለበት የሚል ነበር። በጎ ፈቃደኞቹም ቅዳሜና እሑድ እየወጡ ከምዕራቡ ጫፍ ጀምረው የእንጨት ወለል አነጠፉ፣ መያዣ አጥር አቆሙ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የእኛ ብሂል ለሥራቸው ይገጥማል። ሥራው ግን አዝጋሚ ነበር። በ2004 ገደማ በማኅበሩ ውስጥ መከፋፈል ተነሣና አመራሩ ተለወጠ፤ አዲሶቹ መሪዎች በአካባቢው ያለውን የዳይሰን ፋውንዴሽን ድጋፍ ይዘው ወደ ግዛቱና ወደ ፌደራሉ መንግሥት ሄዱ።

ስለዚህ መከፋፈል የሚጽፉ ሰዎች አንዱን ወገን ባለ ራእይ፣ ሌላውን ነጋዴ ያደርጉታል። እኔ እንዲህ ብሎ መክፈል ትክክል አይመስለኝም። የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች ባይኖሩ ሰነዱ በማኅበሩ እጅ አይገባም ነበር፤ ሰነዱ ባይኖር ደግሞ ማንም መንግሥት ለግለሰብ ንብረት ሚሊዮኖች አያወጣም። ይሁንና 2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ከባቡርና ከመኪና መንገድ በላይ የሚያልፍ ድልድይ በሳንቃና በመዶሻ አይጨረስም። ከውሃ በታች ያለውን ግንብ ጠላቂ ሊያየው፣ እያንዳንዱን ብረት መሐንዲስ ሊመረምረው፣ ሰው ቢጎዳም ካሣ የሚከፍል ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። ምርመራው ሲደረግ ብረቱ ከተፈራው በላይ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ የሞጄስኪ ሥራ እስከዚያ ቀን ዋለ። ግንባታው በግንቦት 2008 ተጀመረ፤ ቀድመው ተሠርተው የመጡ የኮንክሪት ንጣፎች በአሮጌው ብረት ላይ ተዘረጉ፤ ጥቅምት 3 ቀን 2009 ለሕዝብ ተከፈተ። ወጪው 38.8 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ያ ዓመት ሄንሪ ሃድሰን በመርከብ ወደ ወንዙ የገባበት የ1609 ጉዞ 400ኛ ዓመት የሚከበርበት ስለነበር ቀኑ ሊገፋ አልቻለም። ማራዘም የማይቻል ቀን መኖሩ ለእንዲህ ያለ ሥራ ትልቅ ረዳት ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ኃላፊነቱ ተከፋፍሏል። ብረቱንና ግንቡን የያዘው የኒው ዮርክ ግዛት ድልድዮች ባለሥልጣን ነው፤ ከላይ ያለውን መንገድ እንደ መናፈሻ የሚያስተዳድረው የግዛቱ የመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ነው፤ የቀድሞው ማኅበር ደግሞ በጎ ፈቃደኞችን ያሰማራል፣ ገንዘብ ያሰባስባል። ሦስት አካል፣ ሦስት የተለያየ ሥራ። አንዲት ብሎን ብትላላ የማን ጉዳይ እንደሆነች በወረቀት ተጽፏል።

በሩቅ ያሉ ሰዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገርም አለ፤ ድልድይ ብቻውን የትም አያደርስም። በሁለቱም ጫፍ ያለው የሐዲድ መሬት ተቆራርጦ ለቤትና ለመጋዘን ተሽጦ ቢሆን ኖሮ የፓኪፕሲ ድልድይ ሰው ወጥቶ፣ አይቶ፣ በመጣበት የሚመለስበት ሰገነት ብቻ ይሆን ነበር። ይህ ያልሆነበት ምክንያት ከውበት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የደቸስ አውራጃ አስተዳደር በምሥራቅ በኩል ያለውን የቆመ ሐዲድ መሬት በ1980ዎቹ ገዝቶ ለመሠረተ ልማት መተላለፊያ ያዘው፤ በኋላም የመጠጥ ውሃ ቧንቧ በሥሩ ተቀበረ። ቧንቧው መሬቱን ጠበቀው፤ በቧንቧው ላይ ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የእግርና የብስክሌት መንገድ ተነጠፈ። በምዕራብ በኩል ሌላ መንገድ ተያያዘው። ዛሬ ድልድዩ ከኒው ዮርክ ከተማ ተነሥቶ እስከ ካናዳ ድንበርና እስከ ቡፋሎ በሚዘረጋው፣ በ2020 መጨረሻ በተጠናቀቀው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው የኢምፓየር ስቴት መንገድ ላይ አንድ ማለፊያ ነው።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ረገድ ብልህ ነው። ከ1983 ጀምሮ የባቡር ኩባንያ የተወውን መስመር ሳይቆራርጥ ለእግር መንገድ አሳልፎ መስጠት ይችላል፤ ወደፊት ባቡር ቢያስፈልግ ሐዲዱን የመመለስ መብቱ የተጠበቀ ነው። አጎራባች ባለርስቶች ይህን ተቃውመው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረዋል፤ ፍርድ ቤቱ በ1990 የሕጉን መንፈስ ደገፈ። የሕጉ ጥበብ ውሳኔውን ማዘግየቱ ነው። ለአንድ ትውልድ የማያስፈልግ መስመር ለሚቀጥለው ሊያስፈልገው ይችላል፤ አንዴ ከተቆራረጠ ግን መልሶ መግዛት የማይሞከር ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ባለቤት ያለው ድልድይ ሁልጊዜ ይድናል ማለት እንዳልሆነ የፔንሲልቬንያው ኪንዙዋ ይመሰክራል። በ1882 በጥቂት ወራት ውስጥ የቆመው፣ ከሸለቆው 92 ሜትር ከፍ የሚለው ይህ ድልድይ በዘመኑ በዓለም በከፍታ አንደኛ የባቡር ድልድይ ነበር። በ1900 ብረቱ ሁሉ በአዲስ ተለወጠ፤ ማማዎቹን ከመሠረታቸው ጋር የሚያያይዙት የ1882 ብረቶች ግን እንዳሉ ተተዉ። በ1963 ግዛቱ መናፈሻ አደረገው። በ2003 ጥገና ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 21 ቀን የመጣ አውሎ ነፋስ ከ20 ማማዎች 11ዱን ጣላቸው። መርማሪዎች ሲያዩ በማማዎቹ ግርጌ የነበሩት አሮጌ ማያያዣዎች ዝገው ኖሯል። ላዩ ታድሷል፤ የማይታየው ሥሩ ግን 121 ዓመቱ ነበር። ግዛቱ የወደቀውን አላነሣም፤ ከቀሩት ማማዎች ስድስቱን ጠግኖ ጫፋቸው ላይ የመስታወት ወለል አደረገና በ2011 ከፈታቸው። ጎብኚው የወደቁትን ማማዎች ከላይ ሆኖ ሸለቆው ውስጥ ተጋድመው ያያቸዋል። ይህን ውሳኔ አከብራለሁ፤ ያልነበረን ነገር እንደነበረ አስመስሎ ከመሥራት ይሻላል።

ወደ ፓኪፕሲ እንመለስ። ድልድዩ ላይ ወጥቶ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚራመድ ሰው መጀመሪያ የሚያልፈው ከሰው ቤት በላይ ነው። ከሥሩ ጓሮዎች፣ ልብስ የተሰጣባቸው ገመዶች፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ መኪና የሚተላለፍበት ጎዳና አሉ። ቀጥሎ ወንዙ ይመጣል። ሃድሰን እዚህ ድረስ የባሕር ሙላትና ጉድለት ይሰማዋል፤ ውሃው በቀን ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም ይፈስሳል። በምሥራቁ ዳርቻ የሕዝብ ባቡር፣ በምዕራቡ የጭነት ባቡር ዛሬም ይሮጣል፤ ባቡር ከተወው ድልድይ ላይ ቆሞ ባቡር ማየት እንግዳ ደስታ ይሰጣል። ከ1895 እስከ 1949 ታላቁ የኮሌጆች የቀዘፋ ውድድር የሚካሄደው እዚህ ነበር፤ ጀልባዎቹ በድልድዩ ሥር ያልፉ ነበር፤ ተመልካቾች በምዕራቡ ዳርቻ በፉርጎ ላይ ተቀምጠው ውድድሩን እየተከተሉ ይጓዙ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ በዳርቻው ዐለት ላይ የትምህርት ቤቶቻቸውን ፊደል ይቀቡ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደስተኝ ግን በ2014 በፓኪፕሲ በኩል የተከፈተው ሊፍት ነው። ከዚያ በፊት ወደ ድልድዩ ለመግባት ከወንዙ ራቅ ወዳለው መግቢያ መሄድ ግድ ነበር፤ መኪና ላለው ቀላል፣ ለሌለው አድካሚ ነበር። ሊፍቱ ከባቡር ጣቢያው በእግር ከሚደረስበት ወንዝ ዳር ያሉ ሰዎችን በቀጥታ ወደ ላይ ያወጣቸዋል። ከመኪና ማቆሚያ ብቻ የሚገባበት ውብ ቦታ ለባለ መኪናዎች ብቻ ውብ ነው። ጎብኚው በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ መድረሱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ በማን ገንዘብ ነው የሚጠበቀው? የድልድዮቹ ባለሥልጣን ዋና ገቢ በሃድሰን ላይ ካሉት የመኪና ድልድዮቹ የሚሰበስበው የማለፊያ ክፍያ ነው። እንግዲህ በሚድ ሃድሰን ድልድይ ላይ የሚያልፍ ሾፌር ከጎን ባለው ድልድይ ላይ በነጻ የሚራመደውን ሰው መንገድ በከፊል ይጠብቅለታል ማለት ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም የሚል ይኖራል። ለእኔ ፍትሐዊ ነው። በእግረኛው ድልድይ ሥር የሚያልፉ መኪኖችና ባቡሮች አሉ፤ ብረቱ ቢታመም ችግሩ የእግረኛ ብቻ አይሆንም። ደግሞም የእግረኛውን መንገድ በመግቢያ ክፍያ ብቻ ማኖር ማለት ገንዘብ የሌለውን ነዋሪ ከጓሮው በላይ ከሚያልፈው መንገድ ማገድ ነው።

ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚደርሰው አሮጌው ምድር ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር። ሥራው በ1897 ተጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋን ወለደ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በራሱ ሰፊ ሐዲድና በራሱ መስመር ይሄዳል፤ ብዙዎቹ ጣቢያዎቹም ከከተሞቹ ወጣ ያሉ ናቸው። አሮጌው መስመር ግን በከተሞቹ መሃል ያልፍ ነበር፤ ከለገሃር ተነሥቶ በአቃቂ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመተሐራ አድርጎ ወደ አዋሽ። ለባቡር ድክመት የነበረው ይህ መንገዱ ለእግርና ለብስክሌት ትልቅ ሀብት ነው፤ ሰው የሚኖርበትን ከሚማርበትና ከሚገበያይበት ያገናኛልና። መሬቱም የተደለደለ ነው፤ ባቡር ዳገት አይወድም።

መስመሩ አዋሽን የሚሻገርበት አካባቢ የመሬቱ አቀማመጥ ብቻ ሰው የሚጠራ ነው። እዚያ ግን ሐዘንም አለ። በጥር 1985፣ በእኛ 1977፣ ባቡር አዋሽ አቅራቢያ በድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ 400 ገደማ ሰዎች አልቀዋል። በዚያ አካባቢ የእግረኛ መንገድ ቢታሰብ የእነዚያ ሰዎች መታሰቢያ ከመንገዱ ጋር አብሮ መታቀድ አለበት። መተሐራ ላይ ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ሐዲዱንም አውራ ጎዳናውንም ሲያስቸግር ኖሯል፤ ስለዚህ መስመሩ ሁሉ ይዳን ማለት አይቻልም፣ አያስፈልግምም።

የፓኪፕሲው ታሪክ የሚያሳየው የሥራ ቅደም ተከተል ለዚህ ይጠቅማል። ቀለምና መብራት፣ ካፌና ፎቶ ማንሻ ኋላ ይደርሳሉ። መጀመሪያ ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ያለው የአሮጌው ሐዲድ መሬት ከመቆራረጡ በፊት አንድ ሆኖ በአንድ ስም ይመዝገብ፤ በሥሩ ውሃም ይሁን የቴሌኮም መስመር ይቀበር፣ ግዴለም፤ የሚያስፈልገው መሬቱን የሚጠብቀው አገልግሎት ነው። ቀጥሎ ድልድዮቹ ከግርጌያቸው ጀምሮ በመሐንዲስ ይታዩ፤ የትኛው ይጠገን፣ የትኛው ይተው የሚለው በዚያ ይወሰን። ከዚያም ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ላይ በአጭሩ፣ ለምሳሌ በ5 ኪሎ ሜትር ይጀመር፤ ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን፣ የምድር ባቡሩ መሥሪያ ቤት ብረቱን፣ የነዋሪዎች ማኅበር ጥበቃውን ይያዝ፤ የማን ሥራ የት ላይ እንደሚያበቃም በፊርማ ይጻፍ።